የባዶ ጎጆ ግብር

ተረት ተረት፣ የወፎች ቤት።

በአንድ ትልቅ ዋርካ ላይ ቁራ ቀድሞ ደረሰና ቅርንጫፉን ሁሉ ይዞ ጎጆ ሠራበት። አንዷን ለድንቢጥ አከራየ፤ ሌሎቹን “ይቆዩ፣ ይወደዳሉ” እያለ ባዶ አስቀመጣቸው። ድንቢጥ ዘወትር እያየቻቸው፣ “አንዷ የኔ ብትሆን እንቁላሌን እጥልባት ነበር” ትላለች።

የዋርካው ዳኛ ጉጉት ይህን አየ። ባዶ ማስቀመጡ ሲከብደው ቁራ ያከራያቸዋል ብሎ አስቦ፣ “ባለ ጎጆ ሁሉ ለእያንዳንዱ ጎጆው በየወሩ ጭራሮ ይገብር” ሲል አወጀ።

ቁራ በማግስቱ ድንቢጥ ደጃፍ ቆመ።

“የጎጆዎቹን ግብር አምጪ።”

“የኔን እሺ፣ ጋሼ። የባዶዎቹንስ ለምን እኔ?”

“ታዲያ ማን ይክፈል? እነሱ ውስጥ ማን አለና?”

ድንቢጥ ጭራሮ ከየት ታምጣ? ከተከራየችው ጎጆ ግድግዳ እየመዘዘች ሰጠችው። ግድግዳው በሳሳ ቁጥር ባዶዎቹ ጎጆዎች ይበልጥ ወለል ብለው ይታዩአት ጀመር።

ክረምት ሲገባ ቁራ ተመልሶ መጣ። ድንቢጥ እርቃኑን በቀረ ቅርንጫፍ ላይ ኩርምት ብላለች።

“ጎጆዬስ?” ብሎ ጮኸ።

“ግብርዎን ከፈልኩበት፣ ጋሼ” አለች፣ ዓይኗን ከባዶዎቹ ጎጆዎች ሳትነቅል።

ተረቴን መልሱ፤ ቤት ያላችሁ ሳይዘንብ ድረሱ።