ደጅ ጠኚው አህያ

ተረቴ ከአንበሳ ደጅ ይነሣል፤ ስሙኝ።

አንበሳው ዘውዱን ተገፎ ከዙፋኑ ወረደ፤ ነብር ነገሠ። ደጅ ጠኚው ሁሉ ወደ አዲሱ ንጉሥ ደጅ ሮጠ።

ጦጣ ስታልፍ አህያውን እዚያው አንበሳው ደጅ ቆሞ አየችው። «አንተ ጅል፣ ሽማግሌው ከእንግዲህ ምን ሊሾምህ ነው?»

«ሹመት መች ፈለግሁ?» አላት።

አንበሳው ሰምቶ ወጣ። «ወንድሜ፣ በዙፋኔ ሳለሁ አልሰማሁህም። ዛሬ ደግሞ የምፈርድበት ሥልጣን የለኝም። ምን ፈልገህ ነው?»

«ጃንሆይ፣ ጀርባዬ በጭነት ገጥቧል። ዝንቡ ቁስሉን ይበላኛል፤ ጭራዬ አይደርስበትም።»

አንበሳው አጠገቡ ቆመና በረጅም ጭራው ዝንቡን ያባርርለት ጀመር። አህያው ዓይኑን ጨፈነ።

በዚያ ደጅ የቀሩት አንበሳውና አህያው ብቻ ነበሩ።