ባለ ሦስት ማራገቢያው ካርድ

አንድ ጊዜ ጅብና አህያ በሽርክና ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ጅቡ ሥራ ያመጣል፣ አህያዋ ትሠራለች። እሷ ካሜራ ተሸክማ ሠርግ ትቀርጻለች፣ ከዚያም ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። እሱ ድግሱ ላይ ይገኛል።

አንበሳ ልጁን ሲድር ቀረጻውን ለእነሱ ሰጠ። ፊልሙም በመልሱ ዕለት፣ እንግዳው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በትልቅ ሸራ ላይ እንዲታይ ተወሰነ። ሠርጉ አልፎ አህያዋ ሥራውን ስትጀምር ግን የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን እያዘጋጀ ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ክፍል፣ ተቃጠለ።

«ሌላ እንገዛለን» አለ ጅቡ። «ግን ስሚ። ፊልሙ ለመልሱ ካልደረሰ አንበሳ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ስለዚህ ካልደረሰ እበላሻለሁ።»

«ገባኝ» አለች አህያዋ። ከጅብ ጋር ሽርክና የገባች ቀን ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ የማታውቀው ምክንያቱን ብቻ ነበር።

ወደ ቀበሮ ሱቅ ሄዱ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ቀበሮዋ ሁለት ካርዶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ረጅም ነው፤ ሦስት ማራገቢያ አለው፣ ጎኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ያበራል። ሌላው አጭርና ጥቁር ነው፤ ማራገቢያው ሁለት፣ መብራትም የለውም።

ጅቡ ሁለቱንም በመዳፉ መዘናቸው። ቀጥሎ አሸተታቸው።

«የረጅሙ ሜሞሪ ስንት ነው?»

«አሥራ ስድስት ጊጋባይት፣ አያ ጅቦ።»

«የአጭሩስ?»

«ስምንት።»

«እንግዲያው ረጅሙ እጥፍ ይፈጥናል።»

«አሥራ ስድስት የስምንት እጥፍ ነው» አለች ቀበሮዋ።

«ኤሌክትሪክስ?»

«ረጅሙ ብዙ ይበላል። አጭሩን ጥቂት ይበቃዋል።»

ጅቡ ፈገግ አለ። «ብዙ የሚበላ ብዙ ይሠራል።»

«ይህን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል።»

አህያዋ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ፍላሽ አወረደች። «ከሠርጉ ቀረጻ ቁራጭ ይዣለሁ። እዚሁ በሁለቱም ይሞከርልን።»

«መሞከር ይቻላል» አለች ቀበሮዋ። አልዋሸችም፤ የመሞከሪያ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ሥር ነበራት።

ጅቡ ግን ፊቱን አጠቆረ። «ቀበሮ ፊት ታዋርጂኛለሽ? ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ አቅቶሽ ነው? ደግሞም የምሳ ሰዓት ደርሷል።» ረጅሙን ካርድ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወጣ።

አህያዋ ካርዱን ገጥማ ሥራዋን ቀጠለች። ሙሽሪት ጥፍሯን ስትቀባ፣ ሚዜዎች ከረቫት ሲያስሩ፣ እነዚህ አጫጭር ቁራጮች እንደምንም አለፉ። የመኪናው አጀብ ጋ ሲደረስ ምስሉ መንተባተብ ጀመረ። ሦስቱ ማራገቢያዎች ሲጮኹ ቤቱ ወፍጮ ቤት መሰለ። መብራቱ ግን ያምራል። ጅቡ አልፎ አልፎ ብቅ ይልና መብራቱን አይቶ «ይኸው እየሠራ ነው» ብሎ ይሄዳል።

መልሱ ደረሰ። ፊልሙ ስላላለቀ ኮምፒውተሩ ወደ ድግሱ አዳራሽ ተወስዶ በቀጥታ ከእሱ እንዲታይ ሆነ። እንግዳው ተቀመጠ፣ ሸራው በራ። ሙሽራው የአማቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። እንደ ጎነበሰም ቀረ። እንግዳው ጠበቀ። ሙሽራው ቀና አላለም።

«ምነው፣ ወገቡን ያመዋል እንዴ?» አለች ጦጣ ከኋላ።

አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሙሽራ አቀረቀረ። ወዲያው ኮምፒውተሩ ጭራሹን ጠፋ።

ጅቡ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የአህያዋ ነው። ምርጡን ካርድ ገዛሁላት፣ መሥራት አቃታት። እዚሁ ልብላትና ነገሩ ይለቅ።»

አንበሳ አልተቆጣም። «መብላቱ ይደርሳል» አለ። «መጀመሪያ ይጣራ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«በሌላው ካርድ ይሞከር ነው የምለው» አለች አህያዋ። «ሱቅ ውስጥም ያልኩት ይህንኑ ነው። በዚያም ካልሠራ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይብላኝ።»

ቀበሮዋ ከእንግዶቹ መካከል ነበረች። አጭሩንም ካርድ በዘንቢል ይዛ መጥታለች፤ ለምን እንዳመጣችው የጠየቃት የለም። ካርዱ ተገጠመ። ኮምፒውተሩ ያው፣ ፊልሙ ያው፣ አህያዋም ያችው ናት። ሙሽራው ጉልበት ሳመ፣ ቀና አለ፣ ወደ ሴት አማቱ ዞረ። የመኪናው አጀብ ሳይንተባተብ አለፈ። ሴቶቹ እልል አሉ። 

«አሥራ ስድስቱ በስምንቱ እንዴት ተበለጠ?» ሲል አንበሳ ቀበሮዋን ጠየቀ።

«ሜሞሪ ጎተራ ማለት ነው፣ ጌታዬ። የረጅሙ ጎተራ ሰፊ ነው፣ በሩ ግን ጠባብ፤ እህሉ በእፍኝ ነው የሚወጣው። የአጭሩ ጎተራ ያንሳል፣ በሩ ግን ሰፊ ነው። ለዚህ ፊልም ስምንቱ ይበቃ ነበር። በዚያ ላይ ረጅሙ የሚበላው ኤሌክትሪክ ከዚህ ኮምፒውተር አቅም በላይ ነው። ሥራ ሲበዛበት ያጠፋዋል።»

«ይህን ለጅብ ነግረሽዋል?»

«የጎተራውን ስፋት ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። በሩን አልጠየቀኝም።»

አንበሳ ወደ ጅቡ ዞረ። «እውነቷን ነው?»

ጅቡ የተነቀለውን ካርድ አነሳ። «እውነቷን ነው። ረጅሙን ትመልስልኛለች?»

ቀበሮዋ ሱቋ ግድግዳ ላይ ያለውን ጽሑፍ አስታወሰችው።

«እንግዲህ አህያን የሚበላ የለም» አለ አንበሳ። «ገብስ ይቅረብላትና ከእንግዶቹ ጋር ትቀመጥ። ጅብም ድርሻውን ይዞ ይሂድ።» ሁለት አፋቸው የታሰረ ጆንያዎች፣ ትልቅና ትንሽ፣ ጅቡ ፊት ተቀመጡ። «አንዱን ምረጥ። ፈትተህ ማየትም ትችላለህ።»

ጅቡ አሸተታቸው፤ ሁለቱም ድግስ ድግስ ይሸታሉ። በመዳፉ መዘናቸው። አህያዋ «ይፈቱ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ መልሳ ዘጋችው።

«ክብደቱ ይበቃኛል» አለ ጅቡ፣ ትልቁን ተሸክሞ ወጣ።

ከግቢው ርቆ ሲፈታው የድግሱ ድስት ተጥዶባቸው የነበሩ፣ ወጥ የፈሰሰባቸው ሦስት ጉልቻዎች አገኘ። ትንሹን ጆንያ ቀበሮዋ ፈትታ አየችው። የበሬ ሻኛ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ዕቃ የሚመዘነው ሳጥኑ ላይ በተጻፈለት ቁጥር ሳይሆን የእኛን ሥራ ሠርቶ ሲያሳየን መሆኑን ነው።