ጨረቃን ወደ ጎን ያመጡት ሦስት መስታወቶች

ተረት አለኝ፤ "አምጣው" በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው እግራችሁን ሰብስቡ። የሚያስል ካለ አሁን ይሳል፤ መሃል ላይ የሚያቋርጠኝን አልወድም።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ሲናገር፣ መስታወትም ያየውን ብቻ ሳይሆን ያሰበውን ሁሉ ሲዘረግፍ፣ ከአንድ ገደል ሥር እማማ ኤሊ የሚባሉ አሮጊት ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸው መቶ ዓመት ነው። በዚያ ሁሉ ዕድሜ ያልረገጡት ጠጠር፣ ያልቀመሱት ሣር የለም። ጨረቃን ግን አይተው አያውቁም። ቀና ሊሉ ሲሞክሩ ማጅራታቸው ከድንጋይ ልብሳቸው ጋር ቋ ብሎ ይጋጫል። ወንዝ ወርደው በውሃው ውስጥ ሊያዩዋት ሲጠጉ ደግሞ አፍንጫቸው ውሃውን ይነካና ጨረቃ ትበታተናለች።

ስለዚህ ጎረቤት ይጠይቃሉ።

"አያ ጅቦ፣ ጨረቃ ምን ትመስላለች?"

"ቅልጥም ትመስላለች፣ እማማ። ነጭ፣ ክብ፣ ያልተጋጠ ቅልጥም።"

"ጋሼ በሬ፣ ጨረቃ ምን ትመስላለች?"

"አውድማ ትመስላለች። ሲዞሩባት ቢውሉ አታልቅም።"

"እሜት ጦጢት፣ ጨረቃ ምን ትመስላለች?"

"የተላጠች ብርቱካን። የላጣት ሰው ግን አላካፈለኝም።"

እማማ ኤሊ ተከዙ። "አንዱ ሆዱን ይነግረኛል፣ አንዱ ድካሙን ይነግረኛል፤ ጨረቃን የሚነግረኝ ጠፋ" አሉ።

ተነሥተው ወደ አያ ሽኮኮ ሄዱ። አያ ሽኮኮ የገደሉ ባለ እጅ ነው፤ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ እንጨት ሲጠርብ የሚውል። ቤቱ ሃያ እርምጃ ነው፤ እማማ ኤሊ ጠዋት ተነሥተው ለምሳ ደረሱ።

"ልጄ ሽኮኮ፣ ክረምት እየመጣ ነው" አሉት። "ደመናው ሰማዩን አንዴ ከዘጋው እስከ መስከረም አይከፍተውም። እኔ ደግሞ ለመስከረም ቀጠሮ የምሰጥበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም። ሳልሞት አንዴ ልያት።"

አያ ሽኮኮ ልቡ ተነካ። ንቦች ጥለውት የሄዱትን አሮጌ ቀፎ አነሣና በአንድ በኩል ዘግቶ፣ ከታች እትዬ ዋዲያትን አስቀመጠበት። እትዬ ዋዲያት ክብ፣ ጎድጓዳ መስታወት ናት። የጨረቃን ብርሃን ተቀብላ፣ ሰብስባ፣ ወደ ላይ ትመልሰዋለች። ክብደቷ አይነሣም፤ ኩራቷ ደግሞ ከክብደቷ ይብሳል።

ጦጢት መቼም ቀድማ ካላየች አይሆንላትም። ጭንቅላቷን በቀፎው አፍ አስገባች።

"ጨለማ ነው" አለች።

"ጨረቃዋን የጋረድሽው አንቺ ነሽ" አለች እትዬ ዋዲያት። "እኔ ዘንድ ከአፍንጫሽ በቀር የደረሰ ነገር የለም።"

አያ ሽኮኮ አገጩን አከከ። "ከቀፎው አፍ ዝቅ አድርገን አንድ ትንሽ መስታወት አዘንብለን እንሰቅላለን። እትዬ ዋዲያት የላከችውን ብርሃን ተቀብሎ በጎን ቀዳዳ ያወጣዋል። እማማ ኤሊም ቀና ሳይሉ፣ እንደቆሙ፣ ጨረቃን በጎን ያዩዋታል።"

"ያ ትንሹ ግን ዝርግ ይሁን" አለች እትዬ ዋዲያት። "ጎድጎድ ካለ ወይም እብጥ ካለ የእኔን ድካም ገደል ከተተው ማለት ነው።"

አያ ሽኮኮ መንገደኛ ከጣለው የመስታወት ስባሪ ሦስት እኩል ቁራጭ አወጣ። የመጀመሪያውን ልክነህ አለው። ሁለተኛውን ተስማማው አለው። ሦስተኛው ገና ሲቆረጥ "እንዲህ አይደለም፣ እጅህ ጠመመ" ብሎ ጮኸበትና እንቢአለ ተባለ። አያ ሽኮኮም በዚህ ተቀይሞ የጨው ዕቃ መክደኛ አደረገው። ባለ እጅ ሲባል ትችት አይወድም፤ እኔም አልወድም።

ተስማማውን ከታች፣ ልክነህን ከላይ አደረገ። በመሃላቸው የተወቀጠ ባልጩትና ውሃ ጨምሮ ያፋትጋቸው ጀመር። ሸሽ፣ ሸሽ፣ ሸሽ።

"ወንድሜ ተስማማው፣ ዝርግ የሆንኩ አይመስልህም?" አለ ልክነህ።

"በጣም እንጂ። እኔስ?"

"አንተማ ሜዳ ነህ።"

ሸሽ፣ ሸሽ፣ ሸሽ። ቀን ሙሉ ተፋተጉ፣ ቀን ሙሉ ተመሰጋገኑ። ከቀፎው በተረፈው ሰምና በቀይ አፈር እስኪያበሩ ተወለወሉ። ጦጢት ከጅራቷ አንድ ፀጉር ነቅላ በመሃላቸው ልታስገባ ሞከረች፤ አልገባም። ሁሉም እልል አለ።

አመሻሹ ላይ ግማሽ ጨረቃ ከአናት በላይ ነበረች። አያ ሽኮኮ ተስማማውን በጃርት እሾህ አንጠልጥሎ በቀፎው ውስጥ ሰቀለው። እማማ ኤሊ በጎን ቀዳዳው አዩ።

"እንዴት ናት፣ እማማ?"

"ልጄ፣ አላውቅም እንጂ... ቅል ትመስላለች። ያውም አንገተ ረጅም ቅል።"

በማግስቱ ልክነህ ተሰቀለ።

"አሁንስ፣ እማማ?"

"አሁን ደግሞ በሬ የረገጣት እንቁላል መሰለች" አሉ እማማ ኤሊ። "መቶ ዓመት የጓጓሁት ለዚህች ኖሯል?"

ልክነህ አላፈረም። "እኔና ተስማማው ፀጉር እንኳ አያልፈንም። ሁለት ምስክር አንድ ቃል ከተናገረ ምን ቀረ? የተጣመመችው ጨረቃ ናት።"

"እሷው ናት" አለ ተስማማው።

ይኼኔ ከጨው ዕቃው ላይ አንድ ድምፅ መጣ። "እንዲህ አይደለም!"

እንቢአለ ነው።

"እስቲ በተስማማው ላይ አስቀምጠኝ" አለ። አያ ሽኮኮ አስቀመጠውና በጣቱ ነካ ቢያደርገው እንደ እንዝርት ተሽከረከረ። "አየህ? ተስማማው ሆድ አውጥቷል። አሁን በልክነህ ላይ አስቀምጠኝ።" ቢያስቀምጠው ዳርና ዳሩ ብቻ ነካ፤ መሃሉ ባዶ ቀረ። "ልክነህ ደግሞ ሆዱ ገብቷል። የአንዱ እብጠት የሌላውን ጉድጓድ ሞላለትና ተቃቅፈው ተኙ። ግም ለግም አብረህ አዝግም ማለት ይኼ ነው።"

"አንተስ ዝርግ ነህ?" አለው ልክነህ በቁጣ።

"አይደለሁም። ዝርግ ነኝ ያልኩት መቼ ነው? ሦስታችንም እንፋተግ። አንተ ጉድጓድህን ለመሸፈን ተስማማውን ብታሳብጥ፣ ተስማማው እኔ ላይ ሲመጣ ይጋለጣል። እኔም ለእሱ ብዬ ብጎደጉድ፣ ከአንተ ጋር አልገጥምም። ሦስታችንም እርስ በርስ የምንገጥመው ዝርግ ስንሆን ብቻ ነው።"

አያ ሽኮኮ አፈረ። አያ ሽኮኮ ሲያፍር ሥራ ይወዳል፤ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ። ልክነህን ከተስማማው፣ ተስማማውን ከእንቢአለ፣ እንቢአለን ከልክነህ። ከዚያ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ። ሸሽ፣ ሸሽ፣ ሸሽ። ምስጋናው ቀርቶ ጭቅጭቁ ሆነ። "ቀኝህ ከፍ ብሏል።" "አንተ ራስህ ግራህ!" የገደሉ ጎረቤት ሁሉ እንቅልፍ አጣ።

በሦስተኛው ቀን ከሩቅ ነጎደ። በአምስተኛው ቀን ደመናው የተራራውን ራስ ዋጠው። ጦጢት መቆም መቀመጥ አቃታት። "በቃ ስቀለው! ሰማዩ ሊዘጋ ነው፤ ትንሽ ብትጣመም ማን ያውቃል?"

ሁሉም እማማ ኤሊን አየ። ከእሳቸው በላይ የቸኮለ አልነበረም፤ ደመናውንም ከሁሉ በፊት በጉልበታቸው ያወቁት እሳቸው ናቸው።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ እማማ ኤሊ ቀስ ብለው። "ጠማማ ጨረቃ አይቼ ከምሞት ሳላያት ብሞት ይሻለኛል። ፈትግ፣ ልጄ።"

በስድስተኛው ቀን ምሽት ጦጢት ሦስት ፀጉር ነቀለች። በልክነህና በተስማማው መሃል አልገባም። በተስማማውና በእንቢአለ መሃል አልገባም። በእንቢአለና በልክነህ መሃል፣ ጦጢት ምላሷን አውጥታ ብትታገልም፣ አልገባም። የገደሉ አንጥረኛ፣ ቁራ፣ መጥቶ ፊታቸውን ብር ቀባቸው።

"የሚሰቀለው ማነው?" አለ አያ ሽኮኮ።

"እኔ" አለ ልክነህ። "እኔ" አለ ተስማማው። እንቢአለ ተጠይቆ "እንቢ፣ ከፍታ አልወድም" አለ። አያ ሽኮኮ ግን ማን ማን እንደሆነ መለየት አቅቶት ነበር፤ ሦስቱም አንድ ሆነዋል። ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን አነሣ። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በሰባተኛው ቀን ጀንበር ስትጠልቅ ሙሉ ጨረቃ በምሥራቅ ወጣች። ደመናው ከኋላዋ እየሮጠ ነው። አያ ሽኮኮ ቀፎውን አዘንብሎ አፉን ወደ እሷ አዞረ። እማማ ኤሊ ተጠጉ፣ ዓይናቸውን በቀዳዳው ላይ አደረጉ። ብዙ ቆዩ።

አያ ጅቦ አላስቻለውም። "ቅልጥም አይደለችም፣ እማማ?"

"አይደለችም።"

"አውድማስ?"

"አይደለችም።"

"ብርቱካን ናት!" አለች ጦጢት።

"እኔን ትመስላለች" አሉ እማማ ኤሊ፣ እንባቸውም በጉንጫቸው ወረደ። "አሮጊት ናት፣ ጀርባዋ ጠባሳ በጠባሳ ነው፣ አካሄዷም ቀስ ያለ ነው። ግን አያችሁ የት እንደ ደረሰች?"

ማንም አልሳቀም። ደመናው መጥቶ ሸፈናት፤ የመጀመሪያዋም ጠብታ በድንጋይ ልብሳቸው ላይ ቋ አለች። እማማ ኤሊ ዞረው ወደ ቤታቸው ጉዞ ጀመሩ፤ በማግስቱ ለቁርስ ደረሱ። መስከረምንም አገኙት፤ ቀድመው የሄዱት ወደ ቀፎው ነው።

ስለዚህ ልጆች፣ ሁለት ሲገጥም ስምምነት ነው፤ ሦስት ሲገጥም ግን እውነት ነው።

እኔ ተረቴን ሰጠሁ፣ እናንተ ዳቦዬን ስጡኝ። ብቻ ሁለት ሆናችሁ "እኩል ነው" ብላችሁ እንዳትቆርሱት፤ እንቢ የሚለውን ጥሩልኝና እሱ ይቁረሰው።