ሰማያዊ ምልክት ያለበት በርሜል

አንድ ጊዜ ቀበሮ አንድ በርሜል ወደ ቆላ ገበያ ሊልክ ፈለገና ጋሪ ጎታቿን አህያንና የጋሪውን አዛዥ አያ ጅቦን ቀጠረ። በዚያ አገር አደገኛ ዕቃ ሁሉ ምልክት ይለጠፍበታል። የሚመርዘው፣ የሚፈነዳው፣ የሚቃጠለው የየራሱ ምድብ አለው። ምልክቱ መንገድ ላይ ባለው ኬላ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ መዝገቡን የምታነበውም እመት ኤሊ ናት።

ቀበሮ በርሜሉ የዝናቡ ወቅት እስኪያልፍ ድረስ ኬላ ላይ እንዳይታገድበት ፈራ። ስለዚህ ምልክቱን ጭቃ ቀባው።

«ምንድን ነው የጫንከው?» አለች አህያ።

«ድንጋይ ነው፣ እህቴ። ተራ ድንጋይ።»

«ድንጋይ ከሆነ ምልክቱን ለምን ሸፈንከው?»

ቀበሮ እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ጅብ ዞረ። «አያ ጅቦ፣ ኬላው ጋ ሳትቆሙ እኩለ ቀን ሳይሞላ ከደረሳችሁ አንድ ሙሉ የበሬ ጎን ይጠብቅዎታል።»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ጎትቺ!» አለና አህያን ገፋት።

ጉዞ ጀመሩ። ሰማዩ ከበስተምሥራቅ እየጠቆረ መጣ። አህያ ዘወር ስትል ቀበሮ አብሯቸው እየመጣ ነው፤ ነገር ግን ከጋሪው ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ቆም ስትል ይቆማል። ፈጠን ስትል ይፈጥናል። አይቀርብም።

«የገዛ ዕቃውን የሚሸሽ ምን ቢያውቅ ነው?» አለች በልቧ።

ኬላው ጋ ስትደርስ አራቱንም እግሮቿን ተክላ ቆመች። ከኋላዋ ገለባ የተሸከሙ ፍየሎች ወረፋ ይዘዋል።

«ሂጂ እንጂ!» አለ ጅብ።

«ምን እንደምጎትት ሳላውቅ አንድ እርምጃ አልሄድም፣ አያ ጅቦ። ቢፈልጉ ይምቱኝ።»

እመት ኤሊ ቀረበችና ጭቃውን በእጇ ጠረገች። ሰማያዊ መደብ ላይ የእሳት ነበልባል ታየ። ፊቷ ተለወጠ። ወደ ኬላው ዳስ ተመልሳ ትልቁን መዝገብ ከፈተች።

«ቀዩ… እሱ አይደለም። ቢጫው… እሱም አይደለም። ሰማያዊው የት ሄደ?» እያለች ገጽ በገጽ ታገላብጥ ጀመር።

ጅብ ግን ሌላ ሐሳብ ገብቶታል። «ቀበሮ ለድንጋይ ይህን ያህል አይጨነቅም። ውስጡ ጮማ ነው!» አለና ክዳኑን በጥርሱ ነክሶ ፈነቀለው።

«አያ ጅቦ፣ ተዉ!» አህያ ጮኸች።

ጅብ አንገቱን አስገብቶ አየ። ግራጫ ድንጋይ ብቻ። በዚህ መሐል የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ወረዱ። በርሜሉ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ፤ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ወጣ።

«አገኘሁት!» አለች ኤሊ ከዳሱ። «ምድብ አራት ነጥብ ሦስት። ውኃ ሲነካው የሚቀጣጠል ጋዝ የሚያወጣ። አይከፈት፤ በዝናብ አይጓዝ፤ እሳት ቢነሣም…»

ከበርሜሉ አፍ ነበልባል ቦግ አለ። ጅብ ደንግጦ የኬላውን የውኃ ባልዲ አነሣ።

«ውኃ አይሆንም!» ብላ ኤሊ ጮኸች።

ጅብ ግን ደፍቶታል። እሳቱ ወደ ላይ ተወረወረ። የጅብ አፍንጫና ጢም ተለበለበ፤ እየጮኸም ቦይ ውስጥ ወደቀ። ቀበሮ ጫካ ገብቷል።

አህያ ጋሪው ላይ እንደታሰረች ናት። ሙቀቱ ጀርባዋን ይለበልባታል። ኤሊ ደርሳ ጠፍሩን በአፏ ታኝክ ጀመር።

«ትንሽ ቻይ፣ ልጄ፣ ትንሽ!»

አህያ ወደ ኋላ አየች። ገለባ የተሸከሙት ፍየሎች መፈናፈኛ አጥተው ይንጫጫሉ። አንድ ፍንጣሪ ቢደርስባቸው ማንም አይተርፍም።

«እመት ኤሊ፣ ይልቀቁኝ! ከዚህ ላርቀው ነው!» አለችና ባላት ኃይል ሁሉ ፈተለከች። ኤሊ ግን ጠፍሩን አልለቀቀችም፤ በአፏ ተንጠልጥላ አብራት ተጎተተች። ከመንገዱ ወጥተው ጠጠሩ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ጠፍሩ ተበጠሰ። ሁለቱም ተንከባለሉ። ወዲያው በርሜሉ ፈነዳና ምድሩ ተንቀጠቀጠ።

ዝም ሲል ጋሪው አመድ ሆኗል። የአህያ ጭራ ግማሹ የለም፤ ነፍሷ ግን አለች። ፍየሎቹም አንድ ሳይጎድሉ ተርፈዋል። ያዩትን በየመንደሩ ስላወሩ ከዚያ ቀን ወዲህ የቀበሮን ጭነት የሚጎትት አልተገኘም።

ጅብ የተቃጠለ አፉን እያሻሸ ወደ ኤሊ መጣ። «ስከፍተው ሰማያዊውን መዝገቡ ላይ ለማግኘት ምን ያህል ቀርቶሽ ነበር?»

«ሦስት መስመር» አለች ኤሊ።

ጅብ ከዚያ ወዲያ ስለ በሬው ጎን አልጠየቀም።

ከዚህ የምንማረው በመንገድ ላይ የምንጭነው ዕቃ ምን እንደሆነ ከመነሣታችን በፊት ማጣራት የሚወስደው ጥቂት ጊዜ የራሳችንንም ሆነ የሌላውን ነፍስ እንደሚያድን ነው።