በበረዶ የተገዛ በሬ

በአንድ ወቅት፣ ዘመኑ 2008 ነው፣ ክረምቱ ደህና ከርሞ መስከረም ሲጠባ በረዶ ጣለ። የአቶ እንየው ጤፍ ጭቃው ላይ ተኛና ሳይነሳ ቀረ። መሬቱ በስማቸው ቢሆንም ለሦስት ልጆቻቸው ከፋፍለው ሰጥተውት ነበር። መንግሥት ሰብሉ ለጠፋበት ገበሬ ድጎማ ሊከፍል ነው ተባለ። ተባለና ዝም ተባለ።

ታላቁ ደመላሽ ወሬ አልጠበቀም። ዋልካው አፈር እርጥብ ሳለ የወደቀውን ጤፍ በተውሶ በሬ ገልብጦ ሽምብራ ዘራበት። በረዶ ሲመታቸው አባቱም አያቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። «መንግሥት እስኪያስብልኝ ልጆቼ ጦማቸውን ይደሩ?» አለ። ሽምብራው ያዘ። በዚያ በጋ የሦስቱም ቤት የበላው ከሱ ማሳ ነው። ሲሰፍርላቸው ግን፣ «ቁጭ ብሎ መብላት እንዴት ነው?» ማለቱን አይተውም።

ከባሏ ተፋታ የተመለሰችው እህቱ ጥሩዓለም ማሳዋን አልነካችም። «የጠፋው ካልታየ ማን ያምነናል?» አለች። ጎረቤት አላገጠባት። «ጥሩዬ፣ ዘንድሮ ጭቃ ልታጭጂ ነው?» አሏት። እህሏ ሲያልቅ ቁና ይዛ የወንድሟ በር ላይ ቆመች።

ታናሹ ቢያድግልኝ ወረዳ ወረደ። ወረዳው ቀበሌያቸውን ረስቶት ኖሯል። ማሳውን ለከብት ትቶ ቢሮው በር ላይ ከረመ። ጥበቃው ሳይቀር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቤት የለህም?» ይለው ነበር። ሚስቱ ስትወልድ አጠገቧ አልነበረም። ኅዳር ላይ የሰብሉን ጉዳት የሚያጣሩ ሰዎች ይዞ መጣ።

አጣሪዎቹ የደመላሽን ሽምብራ አይተው፣ «ይኼማ ጥሩ ይዟል፤ ምን ተጎዳችሁ?» አሉ። የቢያድግልኝ ማሳ በከብት ስለተጋጠ ከቁም ነገር አልጣፉትም። ሊመለሱ ሲሉ ጥሩዓለም ወደ ማሳዋ ወሰደቻቸው። ጎንበስ ብለው የበሰበሰውን ጤፍ በእጃቸው አነሱ። ድጎማውም በአቶ እንየው ስም ተከፈለ። አንድ በሬ ይገዛል፤ ለሦስት ከተከፈለ ምንም አይገዛም።

አቶ እንየው አንድ ያረጀ በሬ አላቸው። ሌላ ቢጨመርለት ጥማድ ይሆናል። ጥማድ ያለው መሬቱን ራሱ ያርሳል፤ የሌለው ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ግማሹን ይበላል። ስለዚህ ልጆቻቸውን ጠሩ።

«በሬ ልግዛ። በጋራ እረሱበት።»

«ከሚቀመጥ ሰው ጋር ጥማድ አልጋራም» አለ ደመላሽ። «ያበላኋችሁ እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«የኔን ማሳ ባያዩ ምን ይከፍሉህ ነበር?» አለች ጥሩዓለም። «አንተማ ሸፍነኸው ነበር።»

«ማን አመጣቸው?» አለ ቢያድግልኝ። «እናንተ ቤታችሁ አድራችኋል። እኔ የልጄን ክርስትና እንኳ አላየሁም።»

አቶ እንየው ብዙ አይናገሩም። ደመላሽን እርሻ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ መንግሥት የተሠራውን ማሳ አልፎ ላልተሠራው መክፈሉ ውስጣቸውን አቃጥሎታል። ግን ከፋዮቹ ያዩት የጥሩዓለምን ነው። ያለ ቢያድግልኝ ደግሞ ማንም አይመጣም ነበር። ሦስቱንም አንድ በአንድ አዩና፣

«እንግዲያው ለማንም አልሰጥም» አሉ። «እኔው አርስበታለሁ። ስሞት ለማን እንደምተወው ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።»

ቅዳሜ ገበያ ወርደው በሬ ገዙና እደጃቸው አሰሩት። ሰኞ ሁለቱን ጠምደው የገዛ ጓሯቸውን ማረስ ጀመሩ። እርፍ ከያዙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ መዳፋቸው ተላጠ። ሦስቱ በየደጃፋቸው ቆመው ያያሉ። መጥቶ «አረፍ በሉ፣ አባባ» ያለ የለም። አቶ እንየው ጓሯቸውን ጨርሰው በሬዎቹን ፈቱ፤ ከልጆቻቸው ማሳ አንዱንም ሳያርሱ ገቡ።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ አበላ፣ አንዷ አሳየች፣ አንዱ አመጣ። አቶ እንየው ሲሞቱ በሬው ለማን ይገባል?