ትርንጎ ልታነበው የፈለገችው ሪፖርት

ጆሮውን ያዋሰኝ አይከስርም። ከሳሙና ፋብሪካ ተነስቶ ችሎት የሚገባ ተረት አለኝ፤ ሲያልቅ አንድ ነገር አውቃችሁ ትነሳላችሁ፣ ቃሌ ነው።

ትርንጎ በሳሙና ፋብሪካ የታንከር ተቆጣጣሪ ነበረች። አንድ ቀን ታንከሩ ፈሰሰ፤ የቀኑ ምርት ወለል ላይ ቀረ። ፋብሪካው ጠበቃውን ጠርቶ ነገሩን አስጣራ። ጠበቃው ሠራተኞቹን ጠየቀ፣ ያገኘውን ጽፎ ሪፖርት አደረገው። ወዲያው ትርንጎን «ቫልቩን ሳትዘጊ ወጥተሻል» ብለው አሰናበቷት። እሷ ደግሞ «ዘግቼዋለሁ» ብላ ሥራዋን ለማስመለስ ከሰሰች። ለጊዜው የፈለገችው ግን ትንሽ ነገር ነው፤ ሪፖርቱን ማንበብ።

የፋብሪካው መዝገብ ቤት ኃላፊ ጋሽ ዘለቀ ዘንድ ሄደች።

«ጋሽ ዘለቀ፣ እባክዎ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ሪፖርት ያሳዩኝ።»

«አዬ የኔ ልጅ፣ አቶ ግዛው ሳያዙኝ እንኳን ሪፖርቱን የመሳቢያውን እጀታም አልነካ።»

እናማ ሪፖርቱ ከመሳቢያው አይወጣ፣ መሳቢያው ያለ ጋሽ ዘለቀ አይከፈት፣ ጋሽ ዘለቀ ያለ አቶ ግዛው አይነኩ፤ ትርንጎም አታነብ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ግዛው ዘንድ ወጣች።

«ትርንጎ፣ አሁንማ ከሳሻችን ነሽ» አሏት። «ጠበቃዬ ሳይኖር ካንቺ ጋር ስለ ዝናቡም አላወራ።»

እናማ ሪፖርቱ ከመሳቢያው አይወጣ፣ መሳቢያው ያለ ጋሽ ዘለቀ አይከፈት፣ ጋሽ ዘለቀ ያለ አቶ ግዛው አይነኩ፣ አቶ ግዛው ያለ ጠበቃው አይተነፍሱ፤ ትርንጎም አታነብ።

ጠበቃው ሱራፌል ቢሮ ደረሰች።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ የጻፍኩት ለደንበኛዬ ነው» አለ። «በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለ ነገር ምስጢር ነው። ዳኛ ካላዘዘኝ አላወጣም።»

እዚህ ላይ ጠበቃውን እንዳትረግሙብኝ። ምስጢሩ የተጠበቀው ሰው ለጠበቃው እውነቱን ሳይፈራ እንዲነግር ነው። ነገ እናንተም ጠበቃ ስትይዙ ትወዱታላችሁ።

በቀጠሮው ቀን ችሎት ገብታ ሪፖርቱ እንዲወጣላት ለመነች፤ ዳኛዋ ግን «ምስጢር የተባለን ነገር ያለ ምክንያት አላስወጣም። ምክንያት አለሽ?» አለቻት።

ትርንጎ ምን ትበል? ሪፖርቱ ከመሳቢያው አይወጣ፣ መሳቢያው ያለ ጋሽ ዘለቀ አይከፈት፣ ጋሽ ዘለቀ ያለ አቶ ግዛው አይነኩ፣ አቶ ግዛው ያለ ጠበቃው አይተነፍሱ፣ ጠበቃው ያለ ዳኛዋ አያወጣ፣ ዳኛዋ ያለ ምክንያት አታዝ፤ ትርንጎም አታነብ።

ዳኛዋ ወደ ፋብሪካው ወገን ዞረች።

«ቫልቩን አለመዝጋቷን በምን አወቃችሁ?»

ሱራፌል ሊመልስ ሲነሳ አቶ ግዛው ቀደሙት። «አጣርተን ነዋ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ሪፖርቱ ቁልጭ አድርጎ ይናገራል።»

ሱራፌል ኮታቸውን ጎተተ። «እሱን እንተወው» አላቸው በሹክሹክታ።

«እሱን ትተን ምን ይዘን ልንከራከር?» አሉ አቶ ግዛው፤ ይሄን ግን በሹክሹክታ አላሉትም።

ዳኛዋ ብዕሯን አነሳች። «ሪፖርቱ ይናገራል ካላችሁ እሷም እየሰማች ይናገር።»

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ምስጢርን ይዞ ዝም ማለት ይቻላል። በዚያው ምስጢር ሰው ወንጅሎ «አሳየኝ» ሲባል ምስጢር ነው ማለት ግን ዳኛዋ ፊት አላስኬደም።

ከዚያማ ምን ያቆመዋል? ምክንያቱ ዳኛዋን አሳመነ፣ ዳኛዋ ጠበቃውን አዘዘች፣ ጠበቃው አቶ ግዛውን አየ፣ አቶ ግዛው ለጋሽ ዘለቀ ደወሉ፣ ጋሽ ዘለቀ መሳቢያውን ሳቡ፣ መሳቢያው ሪፖርቱን ተፋ፣ ሪፖርቱ ትርንጎ እጅ ገባ።

መጀመሪያ ግን ዳኛዋ የመጨረሻውን ወረቀት ነጥላ ለሱራፌል መለሰችለት። «ይሄ ለደንበኛህ የመከርከው ነው። የእናንተው ነው።» እሱን ማንም አላነበበውም።

ትርንጎ ሌላውን ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ቫልቩ ተዘግቶ ነበር። የፈሰሰው የቫልቩ ላስቲክ ተበልቶ ነው።»

«ይሄ ነበረበት እንዴ?» አሉ አቶ ግዛው።

«ልኬልዎት ነበር እኮ፣ አቶ ግዛው» አለ ሱራፌል።

«የመጀመሪያውን ገጽ አይቼዋለሁ።»

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው የቀረበባት ውንጀላ ብቻ ነበር። ትርንጎ ወደ ታንከሯ ተመለሰች፤ ቫልቩም አዲስ ላስቲክ ተገዛለት።

እናንተም አንድ ቀን «አጣርተን ደርሰንብሃል፣ ግን አናሳይህም» የሚላችሁ ቢመጣ አትለማመጡ፣ አትቆጡም። ዳኛ ፊት ቁሙና «በምን አወቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉና እነሱ ያውሩ። ሂዱ፣ ሞክሩት።