ለቤት ያልተረፈ ድምፅ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የእግር ኳስ ጨዋታን በሬዲዮ ማስተላለፍ ነበር።

ሜዳውን ላላየ ሁሉ ሜዳውን ያሳያል። ኳሱ ከማን እግር እንደ ተነሣ፣ በየትኛው ክንፍ እንደ ተሻገረ፣ በረኛው ወዴት እንደ ተወረወረ ይናገራል። ደመናው መክበዱን፣ ሣሩ ረጥቦ ተጫዋቾቹን ማንሸራተቱን ሳይቀር ይናገራል። ስታዲየም የገባ ሰው እንኳ ትንሽ ሬዲዮ በጆሮው ላይ ለጥፎ ይቀመጥ ነበር። ለምን? በዐይኑ ፊት ያለውን ጨዋታ ከዚህ ሰው አፍ ካልሰማው ያየው አይመስለውምና!

ይህ ሰው ድምፁን እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቃል። አንገቱን በሻርፕ ይጠመጥማል፤ ዝንጅብል በማር ይጠጣል፤ ቤቱ ከገባም አይናገርም። ለእሑዱ ጨዋታ ይቆጥባላ! ጨው ሲፈልግ በጣቱ ያመለክታል። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ «እንዴት ዋልክ?» ስትለው ራሱን ይነቀንቃል። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» ይባላል። እርሱ ግን ቀጋ አልነበረም፤ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ደግ ቃልም አልወጣም እንጂ።

ዘመን አለፈ። የወይዘሮ አስካለ ዐይን ቀስ በቀስ ደከመ፤ በመጨረሻም ብርሃኑ ጨርሶ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ሰውየው ጡረታ ወጣ። ዝምታው ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም። አገልጋይዋ ሆነ፤ ያበስልላታል፣ መድኃኒቷን ያቀብላታል። ነገር ግን ወንበሩን አሁንም በጣቱ ያሳያታል። ኋላ እንደማታይ ትዝ ሲለው እጇን ይዞ ያስቀምጣታል፤ ያለ ቃል።

ወገኖቼ፣ የሚያመለክት ጣት ለማያይ ዐይን ምን ይጠቅመዋል?

ከዕለታት አንድ ቀን የስፖርት ጋዜጠኞች ማኅበር ሰዎች ወደ ቤቱ መጡ። «ጋሽ ይትባረክ» አሉት፣ «የሕይወት ዘመን የክብር ሽልማት ለእርስዎ ይገባል ብለን በአንድ ድምፅ ወስነናል። እንደ ማኅበራችን ልማድ ተሸላሚ ብቻውን አይመጣም፤ ከቤተ ሰቡ አንድ ሰው ከፊት ወንበር ይቀመጣል።»

ከቤተ ሰቡ ማን አለው? ከአስካለ በቀር ማንም የለውም። እንግዶቹን ሸኝቶ ተመለሰና፣

«በይ ቀሚስሽን አዘጋጂ፤ አብረን እንሄዳለን» አላት።

«እኔ ምን ልሠራ? ሰው ሲያጨበጭብ ለምን እንደሚያጨበጭብ ሳላይ አብሬ ላጨብጭብ?»

«እኔ እነግርሻለሁ።»

በዚህ ጊዜ ሳቀች።

«አንተ? አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ዝናብ መዝነቡን የሚነግረኝ ቆርቆሮው ነው!»

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ልማዱ።

«ስማኝ ይትባረክ» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሑድ እሑድ ሬዲዮኑን እከፍት የነበረው ኳስ ወድጄ ይመስልሃል? የትኛው ቡድን የትኛው እንደሆነ እንኳ ለይቼ አላውቅም። ድምፅህን ልሰማ ነበር። ጡረታ ስትወጣ ሀገሩ አንድ ተራኪ ቀረበት፤ እኔ ግን ባሌ ቀረብኝ።»

ምእመናን፣ ይህን የሰማ ባል ምን ብሎ ይመልሳል? በእርሱ ሙያ ለአፍታ እንኳ ቃል ማጣት ነውር ነው፤ ኳሱ ቢቆም ተራኪው አይቆምም። በዚያች ዕለት ግን ከባለቤቱ ፊት ቆሞ አንዲት ቃል ብቻ አገኘ።

«ነይልኝ» አላት።

መጣች። የሚወድ ሰው እየተቀየመም ይመጣል።

በሽልማቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ወይዘሮ አስካለ ነጭ ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ሰውየውን ወደ መድረክ ጠርተው ካባ ደረቡለት፤ በአንገቱም ሜዳልያ አጠለቁለት። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ንግግር እንዲያደርግም ማይክሮፎኑን ሰጡት። በመድረኩ ግራ ጫፍ ቆሞ፣

«ክቡራን እንግዶች…» ብሎ ጀመረ፤ ጀምሮም ባለቤቱን አያት።

የድምፅ ማጉያው ሳጥን በስተቀኝ በኩል ካለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አስካለ ፊቷን ወደ ሳጥኑ አዙራ፣ ለሳጥኑ ፈገግ ብላ ታዳምጣለች። ባሏ በግራዋ ቆሟል፤ እርሷ ወደ ቀኝ ዞራለች። የባሏ ድምፅ ዕድሜዋን ሙሉ ከሳጥን ውስጥ ነበርና የሚመጣላት!

ቃሉ በአፉ ላይ ቀረ። ከኋላ አንድ ሰው «ምነው፣ ሽማግሌው ንግግራቸው ጠፋባቸው እንዴ?» ሲል ተሰማ።

ያን ጊዜ ሰውየው በእነዚያ እሑዶች ድምፅ መናገር ጀመረ።

«አስካለ! ወዲያ አይደለም፤ በግራሽ በኩል ነኝ። እንደዚያ፣ ትንሽ ጨምሪ… አሁን ፊት ለፊት ነን። ካባ ደርበውልኛል። ጥቁር ነው፤ ጠርዙ በወርቅማ ክር ተጠልፏል፤ ሰፍቶኛል። ሊያለብሱኝ ሲሉ ባርኔጣዬን ስላወለቁብኝ መላጣዬ በሕዝብ ፊት እያበራ ነው።»

ሳቅ ሆነ። አስካለም እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«ሕዝቡ ቆሟል፤ ያጨበጭብ የነበረው ለዚህ ካባ ነው። ከጎንሽ ያለው ቡናማ ልብስ የለበሰ ሰው ግን ያለቅሳል፤ ምን እንደነካው እንጃለት። አንቺ ነጭ ለብሰሻል። ነጠላሽ ከትከሻሽ ወርዷል። ፀጉርሽ ሸብቷል አስካለ፤ ያምርብሻልም። ይህን ከነገርኩሽ ቆይቻለሁ። እንዲያውም ነግሬሽ አላውቅም።»

ማይክሮፎኑን አስቀመጠ። አሁን ከሳጥኑ ምንም አይሰማም። የሚሰማው የአንድ ሽማግሌ ጎርናና ድምፅ ብቻ ነበር።

«ልወርድ ነው። ደረጃው ላይ ነኝ…»

«ቀስ በል እንጂ! ካባው ይጠልፍሃል!» አለች ጮክ ብላ፤ ሰው መኖሩንም ረሳች።

«ወረድኩ። ወደ አንቺ እየመጣሁ ነው… ደረስኩ።»

እጇን ዘርግታ ትከሻውን ዳሰሰች።

«እውነትም ሰፍቶሃል» አለችው። ቀጥላም፣ «ይህ መንገድ ዕድሜ ልክህን ጠፍቶህ ነው?»

«ጠፍቶኝ ነው» አላት።

ወገኖቼ፣ እስኪ ልጠይቃችሁ። ያ ሽልማት ለአንድ ሰው የሕይወት ዘመን የተሰጠ ነው ተባለ። የማን የሕይወት ዘመን? አብራው የኖረችው ሴት ዘመን የት ገባ?

እናንተ በማኅበር አንደበታችሁ የተወደደ፣ በመሥሪያ ቤት ምክራችሁ የሚደመጥ፣ በለቅሶ ቤት ኀዘንተኛ የምታጽናኑ፣ ከቤታችሁ ስትደርሱ ምን ይቀራችኋል? የደከመ ፊትና የሚያመለክት ጣት አይደለምን? «እኔ አልሳደብም፣ አልማታም፣ የሚበላ አላጎድልም» ትላላችሁ። መልካም! ያም ሰው አልተሳደበም፤ አላጎደለም። ነገር ግን አጠገቡ ያለችው ሴት በሁለት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ አንዱን ዐይኗ አመጣባት፣ ሁለተኛውን እርሱ።

ጌታችን ዕውሩን ሲፈውስ በሕዝብ መካከል እንዳለ ከሩቅ አልተናገረውም። እጁን ይዞ ከመንደር አወጣው፤ ያይ እንደሆነም ጠየቀው። ሰማይንና ምድርን በቃል የፈጠረ እርሱ ለአንድ ዕውር ቃል ካልሰሰተ፣ እኛ ቃላችንን የምንቆጥበው ለማን ነው?

ቤት የምትጠብቃችሁ እናት አለች፤ ጥግ ይዞ የተቀመጠ አባት አለ፤ «ተኝታለች» ብላችሁ የምታልፏት ሚስት አለች፤ አልተኛችም። ዛሬ ስትገቡ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ በመንገድ ያያችሁትን ንገሯቸው። የጎረቤት አጥር ቀለም መቀባቱን፣ የእገሌ ልጅ ማደጉን፣ ሎሚ ገበያ መግባቱን ንገሯቸው። ተራ ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። ከቤት ለማይወጣ ሰው ተራ ነገር የለም።

እንግዲህ በሰላም ሂዱ። እንደ ልማዳችሁ በሩ ላይ ከብባችሁኝ «ግሩም ትምህርት ነበር» እያላችሁ አታቁሙኝ፤ ምስጋናችሁን አልቀበልም። ወሬ ካላችሁ ይዛችሁት ወደ ቤት ሂዱ፤ እዚያ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።